ሁለቴ የተገዘተች ድምፅ

ጌጤ የምርጫ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ ከገባች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር፤ ካርዱ ከጥቅም ውጭ ሆነባት። ያበላሸባት ዝናብ አይደለም፣ አይጥም አይደለም፤ ዘመድ ነው።

በመጀመሪያ የመጣው በላይነህ ነው። በላይነህ ዋርሳዋ ነው፣ የሟቹ ባሏ የምንይችል ታናሽ ወንድም፤ ዘንድሮ ደግሞ በጃንጥላ ምልክት ለፓርላማ ይወዳደራል። ጌጤ ጠዋት ላሟን ስታልብ በበረቱ አጥር ላይ ተደግፎ ስለ ላሟ ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቀ፣ ስለ ልጇ ስለ ምሥራቅ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እትዬ ጌጤ፣ ሥራ ላይ ነሽና ወሬ አላበዛብሽም። ከጃንጥላ ሌላ ብትመርጪ ሚካኤል ገዝቶሻል» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ጌጤ የወተቱን ቅል እንደያዘች ፈዛ ቀረች። በስማዳ ግዝት የሚቀለድበት ነገር አይደለም። አንድ ሰው በታቦት ስም ከገዘተ፣ የተገዘተው ካህን እስኪፈታው ድረስ እንደ ታሰረ ይቆጠራል። ጥሶ ቢገኝና ላሙ ብትነጥፍበት፣ ማሳውንም በረዶ ቢመታው፣ ጎረቤት ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፤ ራሱም ያውቃል።

ይበልጥ ያበሳጫት ግን መምረጥ የፈለገችው ክንዱን መሆኑ ነው። ክንዱ የእኅቷ ልጅ ነው፤ እናቱ ታማ በተኛችበት ጊዜ ጌጤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ደብረ ታቦር ተምሮ፣ ሱሪውን መተኮስ የማይረሳ ጎልማሳ ሆኖ ተመልሷል፤ እሱም በመሰላል ምልክት ይወዳደራል። በላይነህ በበኩሉ፣ ዋርሳ ይሁን እንጂ፣ ባረሰ ቁጥር አንድ ትልም ወደ እሷ ማሳ የሚያስገባ ሰው ነው። ሲነገረው «በሬው ነው» ይላል።

ክንዱ ከቀናት በኋላ ሲመጣ ጌጤ እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቀችም።

«ክንዱዬ፣ ተቀድመሃል። በላይነህ በሚካኤል ገዝቶኛል።»

ክንዱ ትንሽ አሰበ። «የሱ ሚካኤል ከኔ ሚካኤል ይበልጣል?»

«ሚካኤልማ አንድ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው እኔም ገዝቻለሁ። ከመሰላል ሌላ ብትመርጪ ሚካኤል ገዝቶሻል፣ አክስቴ።»

«አንተ ልጅ፣ መልአኩን ከራሱ ጋር ልታጣላው ነው?»

ክንዱ ሳቀ፤ ግንባሯን ሳማትና ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ።

በዚያው ዕለት ጎረቤቷ አበጀ ሞፈር ሊዋስ ሲመጣ ነገሩን አጫወተችው። አበጀ ሰው ሲቸገር መፍትሔ ሳይሰጥ መሄድ የማይሆንለት ሰው ነው።

«ይሄማ ቀላል ነው» አላት። «ከጃንጥላ ሌላ እንዳትመርጪ ተባልሽ። ከመሰላል ሌላ እንዳትመርጪ ተባልሽ። ቤትሽ ቁጭ ካልሽ ማንንም አልመረጥሽም፤ አንዱም ግዝት አልተጣሰ።»

«ካርዱንስ ምን ላድርገው?»

«ጨው ጠቅልይበት።»

«ካርዱን ለማውጣት በዚህ ጉልበት ተሰልፌ ነው የዋልሁት፣ አበጀ። በስሜ ማኅተም የተመታበት ወረቀት የመሬቴ ደብተርና ይሄ ብቻ ነው። ጨው አልጠቀልልበትም።»

«እንግዲያው ራሱን ሚካኤልን ጠይቂው» አለና ሞፈሩን ተሸክሞ ሄደ።

በገበያ ቀን ጌጤ ለምሥራቅ ስንቅ ይዛ ወደ ወገዳ ከተማ ሄደች። ምሥራቅ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ የምትኖረው ከሰዒዳ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሰዒዳ ዘይትና ሳሙና፣ ባትሪና የፀጉር ቅባት የምትሸጥ፣ እጇ ሥራ አፏም ጨዋታ የማይፈታ ሴት ናት። ጌጤ ሽሮውንና ዳቦ ቆሎውን ለልጇ ካስረከበች በኋላ በሱቁ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሁለቱን ግዝት ታሪክ ነገረቻት፤ አዘነችልኝ ብላ ቀና ስትል ሰዒዳ በቅናት እያየቻት ነበር።

«ታድለሽ» አለቻት። «አንቺስ በአንድ ቃል ተገላገልሽ። እኔን እኮ ጨረሱኝ። ሁለቱም በየተራቸው መጡና እዚችው አንቺ የተቀመጥሽባት ላይ ተቀመጡ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሚካኤል አልገዘት። ታዲያ ምን ያድርጉ? ከሥር ጀምሮ ማስረዳት ነዋ። በላይነህማ ሻዩ ቀዝቅዞበት ሁለተኛ ቀዳሁለት፤ እሱም ቀዘቀዘበት።»

«ምን ምን አሉሽ?»

«ያላሉኝን ብትጠይቂኝ ይሻላል። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ። እነሱ ሲነሡ እኔ ፓርላማ የገባሁ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ የምትመዝነውን ስኳር ትታ ቀና አለች። «ላንቺስ ምን አሉሽ?»

«ስለ ላሜ ነው የጠየቁኝ።»

ሰዒዳ ሳቀች፤ ጌጤ አልሳቀችም።

«አንቺ ማንን ልትመርጪ ነው?» አለቻት ቆይታ።

«እኔ መሰላሉን ወድጄዋለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ያለውን እንደ ልቡ ሲሸጥና ሲገዛ ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ገበሬ ነሽ፤ ከነሱ ከራሳቸው ስሚ።»

ጌጤ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ይኸው ሲከነክናት ነበር። ዘመዶቿ ሁለቱም አሥረዋት ሲሄዱ፣ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ የነገሩት ለባለ ሱቋ ነው። ድምፁ የኔ ነው ካሉ የኔን ድምፅ እንዲህ በአጥር ላይ ሆነው የሚወስዱት ለምንድን ነው? የመጨረሻዋን ዳገት ስትወጣ ቁርጧን አውቃ ነበር፦ እፈታለሁ፤ ከዚያም እሰማለሁ፤ ከዚያም ክንዱን እመርጣለሁ።

የግንቦት ሚካኤል ጽዋ ተራው የሷ ነበር። ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስቦ ቤቱን ሞላው፤ በላይነህና ክንዱም ማኅበርተኞች ናቸውና ለዕለቱ ጃንጥላውንና መሰላሉን ውጭ ትተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በማኅበሩ ሥርዓት ቅሬታ ያለው ሰው ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ይናገራል፤ እርቅ ሳይወርድ የሚቀመስ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ቄስ ገብረ ሚካኤል «ያዘነ አለ?» ይላሉ፣ ሰዉ ሁሉ ዳቦውን እያየ ዝም ይላል፣ ጸሎቱ ይቀጥላል።

«ያዘነ አለ?» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል።

«አለ» አለች ጌጤ።

ዳቦ ሊቆርስ ቢላዋ ያነሣው አበጀ ቢላዋውን መልሶ አስቀመጠ።

ጌጤ እንደ ቆመች ሁሉንም ተናገረች። ስትጨርስ ቄሱ የሁለቱን ተወዳዳሪዎች ፊት በየተራ አዩ።

«ሁለታችሁም? አንዲቷን ሴት? በአንዱ ሚካኤል?»

ሁለቱም ዳቦውን ማየት ጀመሩ።

«እርስዎ ይፍቱኝ እንጂ፣ አባቴ» አለች ጌጤ።

«እኔማ እፈታሻለሁ። ግን ያሠሩሽ ዝም ብለው ካዩ፣ ነገ ተመልሰው ያሥሩሻል። መጀመሪያ እነሱ ‹ፈትቻለሁ› ይበሉ።»

በላይነህ ክንዱን አየው። ክንዱ በላይነህን አየው።

«ታናሽ ይቅደም» አለ በላይነህ።

«ታላቅ እያለ?» አለ ክንዱ አንገቱን ደፍቶ። «ነውር ነው።»

«ኋላ የገዘተ ነው ቀድሞ የሚፈታው።»

«የጀመረው ነው እንጂ። አንተ ባትጀምር እኔ ከየት አመጣው ነበር?»

«ኧረ ዳቦው ቀዘቀዘ» አለ አበጀ ወደ ማንም ሳያይ።

ይኼኔ ከጓዳው በር አጠገብ የተቀመጠችው የበላይነህ ሚስት ካሣነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባቴ፣ ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ እኔም ታሥሬያለሁ።»

«በማን?» አለ በላይነህ ዞር ብሎ።

«በክንዱ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አገኘኝና።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በላይነህ ብቻ አልሳቀም።

«የኔን ሚስት?»

«እሷም ካርድ አውጥታለች» አለ ክንዱ።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ አንተም ትገዝተኝ ነበራ።»

«እኔም ታሥሬያለሁ» አለ አበጀ፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ። «በሁለቱም።»

ጌጤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኔን ቤትሽ ቁጭ በይ ስትለኝ?»

«እኔም ቁጭ ልል ነበር እኮ። ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። አንዱ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ እጅ እያወጡ፣ የቤቱ እኩሌታ የታሠረ ሆኖ ተገኘ። ቄስ ገብረ ሚካኤል ጢማቸውን እየዳበሱ ሲሰሙ ቆዩና፣ «እኔንም ሞክረውኝ ነበር» አሉ፤ «መስቀሌን ሳወጣ ነው የሸሹት። ኑ ወዲህ፣ ሁለታችሁም። ቀዳሚም ተከታይም የለም፤ እኩል ትስማላችሁ፣ እኩል ትፈታላችሁ።»

ሁለቱም እኩል ጎንበስ ሲሉ ግንባራቸው ተጋጨ። «ፈትተናል» ሲሉ አንዱ ግንባሩን፣ ሌላው ቅንድቡን ይዞ ነበር። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው ሕዝቡን ባረኩ፤ ጽዋው ተነሣ፤ አበጀም ቢላዋውን አነሣ።

ተበልቶ ተጠጥቶ ሰው ሊነሣ ሲል ጌጤ በሩ ላይ ቆመች።

«ቁጭ በሉ፣ ሁለታችሁ። አሁን ደግሞ ለሰዒዳ የነገራችሁትን ንገሩን። ለሷ ሻይ ቀዝቅዞባችሁ ከነገራችኋት፣ የኔ ጠላ አያንስም።»

ክንዱ ጀመረ። ሲናገር እጁን የሚያወዛውዘው ልክ እንደ እናቱ ነው፤ ጌጤ ይህን እያየች ገና ሳይገባት ነገሩ ጣማት።

«መሬቱ የገበሬው ነው ይባላል፤ ግን መሸጥ አይችልም። መሸጥ የማትችይው ነገር እንዴት ያንቺ ይሆናል፣ አክስቴ? የኛ ፓርቲ መሬት የባለቤቱ ይሁን ነው የሚለው። ሲፈልግ ይሽጠው፣ ሲፈልግ ያቆየው። ገበሬ እንደ ልጅ የሚጠበቀው እስከ መቼ ነው? አንቺ ልጅሽን ከተማ ልከሽ የምታስተምሪ ሴት ነሽ፤ በመሬትሽ የሚበጅሽን ካንቺ የሚያውቅ ማን አለ?»

ሰዉ በጉርምርምታ ተስማማ። ጌጤም በልቧ፣ ይኼን ልጅ ነው እኔ ያዘልሁት አለች።

የበላይነህ ተራ ሲደርስ ማጅራቱን አከከ።

«እኔ እንደሱ አልናገርም። የኛው ፓርቲ መሬት አይሸጥ ነው የሚለው።»

«ለምን?» አለች ጌጤ። ደግ መልስ አልጠበቀችም።

«እትዬ ጌጤ፣ ወንድሜ የሞተ ዓመት ትዝ ይልሻል? በሬሽም ሞተ፤ ምሥራቅም ታመመችብሽ። ያኔ መሬት የሚሸጥ ቢሆን፣ ሸጠሽው ነበር ወይስ አልነበረም?»

ጌጤ የበሩን መቃን ያዘች።

«ለማን ትሸጪው ነበር?»

በላይነህ ራሱ መለሰው።

«ለኔ ነዋ። እኔም በችግርሽ ገብቼ በርካሽ እገዛው ነበር።»

«በላይነህ» አለች ካሣነሽ በቀስታ።

«እውነቱን ልናገር እንጂ። ዓይኔ ማሳው ላይ ነበር፤ ሕጉ ነው ያላስቻለኝ። ዛሬ መሬቱ የሷ ነው፤ ምሥራቅም ከሱ እየበላች ትማራለች። እኔ የምወስደው ትልም ብቻ ነው።»

«በሬው ነው ስትል አልነበር?» አለች ጌጤ።

«በሬው የማን ነው?» አለ በላይነህ፤ ቤቱም እንደገና ሳቀ።

በምርጫው ቀን፣ በሰኔ፣ ጌጤ በማለዳ ተሰለፈች። ተራዋ ደርሶ ወደ መጋረጃው ስትገባ እጇ ወደ መሰላሉ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበረች። ስክሪብቶውን አነሣች። ያ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ተኝቶ አንገቷ ሥር የሚተነፍሰው ትንፋሽ ታወሳት፤ ዓይኗን ከመሰላሉ ላይ አልነቀለችም። ግን ያቺ ዓመትም አለቀቀቻትም። ምንይችልን ቀብራ፣ ምሥራቅ ትኩሳት ይዟት፣ የበሬው ቀንበር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ማሳው ዳር ተቀምጣ ያሰበችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ማንም ይምጣና ይውሰደው ነበር ያለችው። የሚወስድ ቢኖር ሰጥታው ነበር። ክንዱ የተናገረላት ሴት ልባም ናት፣ የሚበጃትን የምታውቅ፤ ጌጤም በደግ ዓመት እንደዚያ ናት። በክፉ ዓመት ግን አይደለችም፤ ክፉ ዓመት ደግሞ ለሷ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ፤ ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረገች፤ ወረቀቱንም አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ክንዱ መጣ። ሲዞር ውሎ ጫማው ጭቃ ለብሷል፤ ሱሪው ዛሬ አልተተኮሰም። ማንን መረጥሽ ብሎ አልጠየቃትም። ርቦኛል ብቻ አላት።

ጌጤ ገበታ አቀረበች። ሽሮ አወጣችለት። ቀጥላ ተልባ ፍትፍት ጨመረች፤ ከዚያ ለምሥራቅ ያስቀመጠችውን የባቄላ አሹቅ አመጣች፤ ከዚያ ለነገ ያለችውን ቆሎ። ክንዱ በላ፣ በላና እጁን ሰበሰበ።

«በቃኝ፣ አክስቴ።»

«ብላ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም» ብላ ሌላ እንጀራ ዘረጋችለት።

ክንዱ እንጀራውን አየ። ገበታውን ሞልቶ የተደረደረውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት።

«ዛሬ ምን አጥፍተሽ ነው?»

ጌጤ እሳቱን እንደምታስተካክል ሰው ወደ ምድጃው ዞረች። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ክንዱ እጅጌውን ሰበሰበና እንጀራውን ቆረሰ።

«ሽሮው ግን ጥሩ ነው» አለ።

ጌጤ ሳትዞር ድስቱን አንሥታ ጨመረችለት።