በቅርቡ እመለሳለሁ

«እንዴ! ‹እመለሳለሁ› ይላል እኮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ስልኳን እንደያዘች።

ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም፤ የሟቹን ፎቶ አጠገቧ ላለው ሰው ላሳይ ብላ ነው የእሱን ድረ ገጽ የከፈተችው። ፎቶው ላይ ልጁ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ይስቃል። ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣ «ትንሽ ታገሡኝ፤ በቅርቡ እመለሳለሁ።»

«ማነው የሚመለሰው?» አለች እናት ከተቀመጠችበት ጥግ።

አይ ሰው! ወሬ ሲሆን የሚሽቀዳደመው ሁሉ የሻይ ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ። ቆቂት የሻይ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቆቂት የሟች ታናሽ እህት ናት፤ በትንሽ ኮሽታ ስለምትደነግጥ ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ሙያዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፈችውም እሷው ናት።

ከዚያች ሰዓት ወዲያ እናት ማልቀስ አቆመች። ቆቂትን ያስፈራት ይኸው ነው። የምታለቅስ እናት ትያዛለች፣ ትታቀፋለች፤ ዝም ያለችውን ምን ያደርጓታል? ለቀስተኛው ሲበተን የውጭውን በር መቆለፍም ተወች። ድሮ እሷ ነበረች ቆላፊዋ፤ ቆልፋ ቁልፉን ነቅላ ግድግዳው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ከውስጥ ተሰክቶ ከቀረ የልጇ ቁልፍ ከውጭ አይገባለትማ። አሁን ግን «ተዪው፣ ይከፈት» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቷ ከሁሉ ቀድሞ ይዞራል።

አጎቷ ኮሪደሩ ላይ እጇን ያዛት።

«ያን ነገር ዛሬውኑ አውርጂው! እናትሽ ልታብድብን ነው። አንዱን ቀብረን ሳናበቃ እሷን ልንጨምር ነው?»

«ባወርደውስ፣ ጋሼ? ‹የት ሄደ?› ብትለኝስ? ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እሱ አይደለም› ስላት እዚያው ክልትው ብትልብኝስ?»

አጎት እጇን ለቀቃት።

ሟቹ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ ነበር። ድረ ገጹን ድሮ ራሱ እንደ ነገሩ የቀጣጠለው ስለነበር ሥዕሎቹ የትም ተበታትነው፣ ጦማሩ ከሁሉ በታች ተወሽቆ ይገኝ ነበር። «የአይጥ ጎጆ ነው፤ እንደ አዲስ እሠራልሃለሁ» አለችው ቆቂት። ጦማሩ ላይ የሚጽፈው ስለ ተበላሹበት ሥዕሎች ነው፦ አምስት እግር ስላበቀለ ፈረስ፣ ሁለቱም እጇ ቀኝ ስለሆነባት ንግሥት። እሷ የፊቱን ገጽ ነጭ በነጭ አድርጋ ምርጥ ምርጡን ብቻ ልትሰቅል ስትል አሻፈረኝ አለ።

«ፈረሴንማ አትነኪብኝ! ሰው የሚወደኝ በእሱ ነው።»

አሮጌውን ገጽ ዘግታ፣ አዲሱ እስኪያልቅ ለደንበኞቿ ሁሉ የምትለጥፈውን «ትንሽ ታገሡን፤ በቅርቡ እንመለሳለን» ለጠፈችለት። እሱ ከጀርባዋ አጮልቆ አየና ሳቀባት።

«ስንት ነኝ እኔ? አንድ ራሴን አይደለሁ እንዴ! ‹እመለሳለሁ› በይው፣ አንቺ ቆቅ።»

አስተካከለችው። እሱም ጃኬቱን ደረበ፤ ቀለም ሊገዛ፣ እንደ ወትሮው ከበሩ ላይ «መጣሁ!» ብሎ ወጣ። መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል! ቃሉን እንደነበረ ብትተወው ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ቆቂት የወንድሟ ክፍል ገብታ ሥራውን ጨረሰች። የቀረው «አትም» የሚለውን መንካት ብቻ ነው፤ ያኔ «እመለሳለሁ» ይጠፋል፣ አዲሱ ገጽ ይወጣል። ጣቷ እምቢ አላት። በገዛ እጇ ዳግም የምትቀብረው መሰላት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

እናት በሩ ላይ ቆማለች። ቆቂት ብድግ ስትል ወንበሩን ጣለችው።

«እማዬ… ያ ‹እመለሳለሁ› የሚለው… እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሱ አይደለም።»

ዓይኗን ጨፍና ጩኸት ጠበቀች። የሰማችው ግን አልጋው ሲጢጥ ሲል ነው፤ እናት ተቀምጣለች።

«እሱ መች ‹እመለሳለሁ› ብሎ ያውቃል?» አለች ቀስ ብላ። «ዳቦ ቤትም ይሂድ ባሕር ማዶ፣ ‹መጣሁ› ነው የሚለው። ያንቺ እጅ መሆኑንማ ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ በሩስ?»

«ፈራኋ፣ ልጄ! ከቆለፍኩት አበቃ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። ቆቅ አንቺ ብቻ መሰለሽ?» ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። «አምስተኛዋ እግር አለች?»

«አለች፣ እማዬ። ፊት ለፊት ነው ያደረግኋት።»

«እንግዲያስ ልቀቂው፤ ሰው ይየው።»

ቆቂት ነካችው። ጽሑፉ ጠፋ፤ ፈረሱ በአምስት እግሩ ቆሞ ብቅ አለ። እናት ጥቂት አየችውና ተነሥታ ወጣች። ቆቂት ፈራ ተባ እያለች ተከተለቻት።

እናት የውጭውን በር ገፋ አድርጋ ቆለፈችው። እንደ ልማዷ ቁልፉን ነቅላ ወደ ሚስማሩ ሄደች፤ ልትሰቅለው ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ተመልሳ ቁልፉን ከውስጥ የበሩ ቀዳዳ ላይ ሰካችውና እዚያው ተወችው።