አባቱን አንቱ ያለው ቀራፂ

ቀራፂው ሰው ሲሠራ ቁርጥ ራሱን ያመጣዋል ይባልለታል። ከአንገት በላይ ያለውን ቅርጽ በጭቃ አበጅቶ፣ በጀሶ ገልብጦ ሲያስረክብ ቤተሰቡ ከብቦ «መናገር ብቻ ነው የቀረው» ይላል። በማግስቱ ግን ያንኑ ደንበኛ መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደ ግድግዳ አልፎት ይሄዳል። በዚህ የተነሳ በሠፈሩ ሁለት ስም ወጥቶለታል። ሥራውን የሚያደንቁት እንደ ታላላቆቹ ሠዓሊዎች «ሜትር» ይሉታል፣ የተቀየሙት ደግሞ «ጉረኛው»። የተቀየሙት ይበዛሉ።

እውነቱ ሌላ ነው። ቀራፂው ፊት አይለይም። ከልጅነቱ ጀምሮ አይለይም። ዓይኑ ደህና ነው፤ አፍንጫ ያያል፣ ቅንድብ ያያል፣ ከከንፈር ጫፍ ያለች ትንሽ ጠባሳ እንኳ አታመልጠውም፤ ተደማምረው ግን አንድ ሰው አይሆኑለትም። ከእፍኝ ጠጠር አንዷን በደንብ እያትና፣ ከቀላቀልካት በኋላ መልሰህ ፈልጋት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሠራው በልኬት ነው። ባለ ሁለት እግር የብረት መለኪያውን ይዞ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ይለካል፣ በደብተር ይጽፋል፣ ጭቃውንም በዚያው ልክ ያቆማል። መምሰል አለመምሰሉን የሚያውቀው ከሰዎች አፍ ነው።

ሰውን የሚለየው በአረማመዱ፣ በድምፁ፣ በትከሻው፣ በሳሉ ነው። ይህ ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። ማን ይሆን፣ ዘመድ ነው ባዕድ፣ ልሳቅለት ወይስ ልለፈው ሲል ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ ድንጋይ ሲሸከም እንደዋለ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይጋደማል። አርባ አራት ዓመት ሲሞላው ሠርግም ለቅሶም መሄድ ትቶ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ፊት የማይለይ ፊት ቀራፂ ቢባል ማን ያምናል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቅ እህቱ አባታቸውን ይዛ ከሥራ ቦታው ከተፍ አለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገር ማንዛዛት አታውቅም።

«እማዬ አንድ ደህና ፎቶ ሳይኖራት ሄደች» አለች ገና ከበሩ። «የሰውን አባት ሁሉ ስትሠራ ኖረህ የራስህን ልትተወው ነው? አስቀምጠውና ሥራው።»

አባትየው ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበር። ከልጁ ጋር አልተጣሉም። ይሁን እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ደህና ነህ?»፣ «ደህና» ከማለት ያለፈ ነገር አላወሩም። ልጁ፣ አባዬ ድሮም ቁጥብ ነው ብሎ ትቶታል።

አምስት ቀን ተቀመጠለት። ቀራፂው ይለካል፣ ይጽፋል፣ ጭቃ ይለጥፋል፣ መልሶ ይልጣል። የአባቱን ፊት ካደገ ወዲህ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ቆዳው ያን ያህል መሳሳቱን አላወቀም። በአምስተኛው ቀን፣ መለኪያው አገጩ ላይ እንዳለ፣ አባትየው ድንገት ተናገረ።

«ያን ቀን ለምን አለፍከኝ?»

«የቱን ቀን፣ አባዬ?»

«ሥራህን ለሕዝብ ያሳየህ ቀን ነዋ! ኮት ተውሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ መጣሁ። በሩ ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን። ‹እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ይግቡ› አልከኝና አልፈኸኝ ሄድክ። አንቱ አልከኝ! እንደ ባዕድ። ከዚያ እነዚያን ሱፍ ለባሾች እያቀፍክ ትስም ጀመር። በግንበኛ አባቱ አፈረ ብዬ ኮቱን ለባለቤቱ መለስኩ። ዝም አልኩ።»

ቀራፂው የጭቃው ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን ያስታውሰዋል። የተሳሙት ሰዎች ሁሉ ቀድመው በስሙ የጠሩት ነበሩ። ማታ እናቱን «አባዬ ለምን ቀረ?» ብሎ ሲጠይቃት «አሞት ነው» ነበር ያለችው።

«አባዬ፣ እኔ ፊት አልለይም» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«የማንንም አልለይም። ያንተንም። የእማዬንም አልለይም ነበር።»

አባትየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ፊት እየሠራ እንጀራውን የሚበላ ሰው! እኔ በከረሜላ የምደለል ልጅ መሰልኩህ?»

«ድምፅህን አውቃለሁ። እጅህን ከሺህ እጅ መካከል አወጣዋለሁ። ስታስል ከመንገድ ማዶ አውቅሃለሁ። ያን ቀን ግን ዝም አልከኝ። ጢምህም አልነበረም። በምን ልወቅህ?»

«ግድግዳ ቀጥ ማለቱ በወሬ አይታወቅም» አለ አባትየው። «ቱንቢ ይጣልበታል። እንፈትሻለን።»

ፈተናውን ራሱ አሰናዳው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጁን ከግቢ አስወጣና፣ የጎረቤቱን የብረታ ብረት ቤት ዘበኛና አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱም እንደ እሱ ያሉ ቀጫጭን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ጢማቸውን ተላጭተው ሰማያዊ ቱታ ለበሱ፣ የሱፍ ቆብ ደፉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የተጀመረው ቅርጽ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፈነ።

«ይኼ የሽማግሌ ሥራ ነው?» ብላ እህትየው በሩ ላይ ቆመች። ግን አልሄደችም።

ቀራፂው ገባ። ሦስት ፊት። የአባቱን ፊት ልክ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ቁጥሩን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመላለሰ፤ ያለ ብረት መለኪያው ግን ቁጥር ብቻውን ምን ሊረባው? የገዛ አባቱ አንድ እርምጃ ላይ ተቀምጦ እያየው ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ድካም ተሰምቶት አያውቅም። በመጨረሻ፣ ቢሆንም ባይሆንም ይለይልኝ ብሎ፣ መካከል ላይ ከተቀመጠው ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ።

«አባዬ» አለ።

ዘበኛው ነበር። «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ» አለ እየተሳቀቀ። የሚያጽናናው ነገር ቢያጣ፣ «ብሆን ግን አልጠላም ነበር» ብሎ ጨመረበት።

አባትየው በስተግራ ከጫፍ ነበር የተቀመጠው። ቆቡን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጁ እያለቀሰ መሰለው፤ ቀረብ ሲል ግን ሳቁም ለቅሶውም ተደባልቆበት ነበር።

«አላፈርክብኝማ!» አለ። «አላወቅከኝም እንጂ አላፈርክብኝም!»

«አሥራ አንድ ዓመት!» ብላ እህትየው ከበሩ ጮኸች። «አንዱ አይናገር፣ አንዱ አይጠይቅ! ሁለታችሁም ከአንድ ጉድጓድ የተቆፈራችሁ ጭቃ!» ይህን ብላ እሷም ዓይኗን ጠረገች። ፖስተኛው እጁን አሁን ማውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

ቀራፂው ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ደስታው አልመጣም። ሸክም ሲወርድ ነው ትከሻ የሚያመው። በተሰበሰቡት ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠና፣ አባቱ ሸካራ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያኖርለት ያን እጅ አየ።

ቅርጹ በሁለት ሳምንት አለቀ። አባትየው ዙሪያውን ዞሮ ካየው በኋላ «አፍንጫዬን አሳንሰኸዋል» አለ።

«ልኩ ነው፣ አባዬ። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«ልኩ ይሁን። እኔ የማውቀው ግን ትልቅ ነው።»

ቀራፂው ደብተሩን አየ፣ አባቱን አየ፤ ከዚያ አንድ ቁንጣሪ ጭቃ አንስቶ ያለ ልኬት ጨመረበት። እህትየው «በቃ፣ አበላሸኸው!» አለች። አባትየው «ተዪው» አላት።

ማክሰኞ አንዲት ሐኪም የሟች ባሏን ፎቶ ይዛ መጣች። ቀራፂው ፎቶውን ከመቀበሉ በፊት፣ «ነገ መንገድ ላይ ባገኝሽ አላውቅሽም» አላት። «አትቀየሚኝ። ፊት አልለይም፤ ቀድመሽ አናግሪኝ።»

ሴትየዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱም በረጅሙ ተነፈሰ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወንበር አቀረበላትና ከመጀመሪያው አንስቶ ይነግራት ጀመር።