ለቀብር የታጨደ ሣር

ዳሬል ፎቶግራፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ ዋኔታ ገፋ አደረገው። ከሰማይ የተነሣ ነው፤ በረጅሙ ሣር መሀል ስድስት ኤከር ያህል ቦታ እንደተላጨ አናት ገላጣ ሆኖ ይታያል። ኦርቪል ክሬብስ ፎቶውን ለማየት አንገቱን አላሰገገም። ያንን ሣር ማን እንዳጨደው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በዚያ የካንሳስ አውራጃ መንግሥት መሬቱን ሳያርስ በሣር ለሚተው ገበሬ በየዓመቱ ድጎማ ይከፍላል። በምላሹ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ ሣሩ አይነካም። የነካ ወይም ያስነካ ገበሬ ውሉ ይፈርስበታል፣ የተቀበለውንም ከነወለዱ ይመልሳል። የሚፈርዱት ደግሞ ከሩቅ የመጡ ሹሞች ሳይሆኑ ገበሬው ከራሱ መሀል የመረጣቸው ሦስት ጎረቤቶች ናቸው።

ኦርቪል ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ዐሥራ አራት ዓመት ተቀምጧል። አምና ኮልቢ የሚባል ወጣት እንዲሁ ሣር አጭዶ ሲቀርብ፣ ልመናውን እንኳ ሳያስጨርሰው "ደንብ ደንብ ነው" ብሎ ያስቀጣው እሱ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አሁን አይመለስም።

ዋኔታ ባሏን ጊልበርትን የቀበረችው በሰኔ ነው። ከማሳዋ ጥግ ያለችው የገጠር ቤተክርስቲያን ያንን ሁሉ ለቀስተኛ መኪና የምታስቆምበት ቦታ የላትም። በዚያ አገር ሐዘንተኛን ሳይጠይቁ መርዳት ወግ ነው፤ አንዱ ከብቷን አበላ፣ ሌላው ስንዴዋን ሰበሰበ። ኦርቪልም በዋዜማው ትራክተሩን አስነሥቶ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ሣሩን አጨደ። መሬቱ ውል ያለበት መሆኑ ትዝ ያለው ፎቶው ቢሮ ከደረሰ በኋላ ነው። አፈረ፤ አፍሮም ዝም አለ።

ዳሬል ዋኔታን ከልጅነታቸው ጀምሮ አንቺ ነው የሚላት። ዛሬ ግን የሦስቱ ፈራጆች ሰብሳቢ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወይዘሮ ዋኔታ፣ ሣሩን ማን አጨደው?"

"መሬቱ የኔ ነው፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።"

"ስሙን ነው የጠየቅሁዎት።"

"ለጊልበርት ብሎ የደከመን ሰው ስሙን ጠርቼ አላስቀጣም።"

ኦርቪልን አላየችውም። ታውቃለች ግን፤ ያን ቀን በወጥ ቤቷ መስኮት እጇን አንሥታለት ነበር።

ዳሬል ሌላ ማስረጃ ከሌለ ወደ ድምፅ እንለፍ አለ። ውሉ ከፈረሰ ዋኔታ የስድስት ዓመቱን ገንዘብ የምትመልሰው መሬቷን ሸጣ ነው፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

"ያጨድኩት እኔ ነኝ" አለ ኦርቪል።

ዳሬል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንዲህ ካልክ እኮ ድምፅ መስጠት አትችልም። ወንበርህንም ማጣትህ ነው።"

"አውቃለሁ። ጻፈው። እሷ አላዘዘችኝም። አንተም መኪናህን እዚያው ሣር ላይ አቁመሃል፤ እሱንም ጻፈው።"

"በሩ አጠገብ" አለች ዋኔታ ቀስ ብላ። "ጥሩ ቦታ ነበር የደረሰው።"

የዳሬል ጆሮ ቀላ።

ኦርቪል ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ በግንባሩ ደፋው። ባርኔጣውን ይዞ ጠረጴዛውን ዞረና ከዋኔታ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ይህን ስትጨርሱ የኮልቢንም መዝገብ አውጡት" አለ። "ያ ልጅ የጀመረውን ልመና አልጨረሰም ነበር።"