ሁለት ሰሌዳ ያላት ቪትዝ

የመምህር በላቸው ቪትዝ ከተማሪዎቹ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ስክሪኗ ግን የተገዛው ባለፈው ሰኞ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ተንሰራፍቶ ሲታይ መኪናዋ ለሱ ማስቀመጫ የተሠራች ይመስላል። በላቸው የኋላ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ካሜራው ይበራና አህያው፣ ባጃጁ፣ የጎረቤት ዶሮው ሁሉ የፊልም ተዋናይ ይሆናል። ሰውዬው መሄጃ ሳይኖረው ሁሉ ወደ ኋላ መንዳት ጀምሯል።

ሚስቱን ኣረጋሽን ግን ፊልሙ አላሳቃትም። ወንድሟ በአንድ ክረምት ሁለት የመኪና ቴፕ ተሰርቆበታል።

"ስማኝ በላቸው" አለችው ሐሙስ ምሳ ላይ። "ሻጩ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ከመለስክ እቀበላለሁ ብሏል። ወይ ኢንሹራንስ ይገባለታል፣ ወይ ይመለሳል። እኔ ለሌባ ሲኒማ ቤት አልከፍትም!"

ዓርብ ጠዋት በላቸው ሓወልቲ ሰፈር በሚገኝ የመድን ቢሮ በር ላይ መኪናዋን አቆመ። መርማሪው ኣቶ ኣስፋሃ ሊብሬውን ይዘው ቪትዟን ሁለቴ ዞሯት።

"መምህር፣ ይሄ ስፖኪዮ የማን ነው?"

"የኔ ነዋ!"

"የተቀረጸበት ቁጥር የሌላ መኪና ነው። ያኛውም ስፖኪዮ። ፍሬቻውም። ኣይ! ስክሪኑም!" መነጽራቸውን አወለቁ። "ሓወይ መምህር፣ እዚህች መኪና ላይ ያልተሰረቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

የበላቸው ጆሮ ጋለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መኪናዋን ከአዲስ አበባ ሲያመጣ ሌባ ነቅሎ መሸጥ እንዳይችል የሰሌዳ ቁጥሯን በሚነቀል ነገር ሁሉ ላይ አስቀርጿል። ሰኞም የስክሪኑን ጠርዝ አስቀረጸ፤ ሻጩ እንኳ ጠርዙን ቀይሬ እቀበላለሁ ነው ያለው። ችግሩ ረቡዕ መኪናዋ የትግራይ ሰሌዳ መለጠፏ ነው። ማመልከቻውን ያስገባው ራሱ በላቸው ነበር፤ ረስቶታል።

"አስተካክለው ይምጡ" አሉ ኣቶ ኣስፋሃ። "ስድስት ሰዓት ላይ ግን እኔ ምሳ ነኝ።"

በላቸው ወደ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ከነፈ። ቀራጩ ሙጂብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

"ሙጂብ፣ ድረስልኝ! አሮጌውን ቁጥር ሰርዝና አዲሱን ጻፍ!"

"የት ላይ?"

"ሁሉም ላይ! የሚታይ ቦታ!"

ማሽኑ ጮኸ። መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ ጥሩምባ የሚነፋ የባጃጅ ሹፌር ነበርና በላቸው እሱን ሊለምን ሄደ። ሲመለስ ስፖኪዮዎቹንና ፍሬቻዎቹን እንደ ታረመ የፈተና ወረቀት ተሰርዘውና ተጽፎባቸው አገኛቸው። ስክሪኑ ደግሞ መስተዋቱ መሀል ላይ፣ እያንዳንዱ አኃዝ አውራ ጣት አክሎ፣ አዲሱ ሰሌዳ ተቀርጾበታል።

"ምን አደረግክ?!"

"ጠርዙ ሞልቷል። የሚታይ ቦታ አልከኝ፤ ከዚህ በላይ የት ይታያል መምህርዬ?"

አምስት ተኩል ላይ ኣቶ ኣስፋሃ መኪናዋ ውስጥ ገብተው የኋላ ማርሹን አስገቡ። ከኋላ ጭድ የተጫነች አህያ ታልፍ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ሆዷ መሀል ሰሌዳ ለጥፋ ታየች። መርማሪው ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው መሪው ላይ ተደፉ።

"እኛ የምንከፍለው ዕቃው ቢሸጥ የሚያወጣውን ነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ይሄን ማን ይገዛል?"

"ማንም።"

"እንግዲህ የምንሰጠው ኢንሹራንስም የለም።"

"ሌባ ቢወስደውስ?"

"ሌባማ ካየው አዝኖ የራሱን ይሰጥዎታል።"

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል በላቸው ስክሪኑ የተገዛበት ሱቅ ደርሶ የመኪናዋን ጀርባ ለበሩ ሰጥቶ አቆመ። ኣረጋሽ ከሻጩ ጋር ቆማ ትጠብቀዋለች። ሻጩ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ መስተዋቱን አየ፤ በላቸውን አየ፤ ከዚያ ሄዶ የሱቁን በር ይዘጋ ጀመር። ኣረጋሽ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

"ኢንሹራንሱስ?"

"አልተቀበሉትም።"

"ሌባስ?"

"አይወስደውም።"

"ሻጩስ?"

"ምሳ እየወጣ ነው።"

"ዋይ ኣነ!" ልትቆጣ አፏን ከፈተች። በላቸው ከቁጣዋ ለማምለጥ ፈጥኖ የኋላ ማርሽ አስገባ። ካሜራው በራ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ሲያስገባ፣ ሱሪው መቀመጫ ላይ የትግራይ ሰሌዳ ተለጥፎ ታየ።

የኣረጋሽ ሳቅ ፈነዳ። ትከሻው ላይ ተደግፋ እስክትንሰቀሰቅ ሳቀች።

"በል ንዳ!"

"ወዴት?"

"ወደ ኋላ ነዋ!"