ፓላቫን የተባለው ተጫዋች

"አንድ ሰው ብቻ ስጠኝ" አለች ጠበቃዋ ቴንሞዚ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። "ኮሚቴው ፊት ስሌት ብትደረድር ያንቀላፋሉ። ሁልጊዜ የምታሸንፈው አንድ ሰው ካለ ግን ይገባቸዋል። ነገሩ ዕድል ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ እንኳ ያሸንፍህ ነበር፣ አይደል?"

ኢኒያን ማሰብም አላስፈለገው። "ፓላቫን አለ" አላት።

"ማነው ደግሞ ፓላቫን?"

"የጨዋታ ስሙን ነው የማውቀው ማዳም። በኢንተርኔት ላይ ፊት አይታይም። ወደ ትሪቺ በሚሄደው ባቡር ስም ነው የሚጫወተው። ካርታው መጥፎ ሲሆን ጥሎ መውጣት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ምንም ይያዝ ምን፣ እስከ መጨረሻው ይከተለኛል። እኔም ይሄን ካወቅሁበት ወዲህ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ ጠብቄ ነው ብዙ ገንዘብ የምገፋበት። ይኸው ከዓመት በላይ ሆነው፣ ጠባዩን አልቀየረም።"

ቴንሞዚ ሳቀች። "የዋህ ነው በለኛ!"

"የዋህ ብቻ? ጓደኞቼ ገና ሲገባ ሲያዩት 'ጡረታህ መጣ' ነው የሚሉኝ።"

የግዛቲቱ መንግሥት በገንዘብ የሚደረግ የኢንተርኔት ካርታ ጨዋታን በሙሉ ቁማር ብሎ ሊከለክል ረቂቅ አውጥቷል። ረቂቁን የሚመረምረው ኮሚቴ በነጋታው ቼናይ ውስጥ የተጫዋቾችን ቃል ይሰማል። ለተጫዋቾቹ ማኅበር የምትከራከረው ቴንሞዚ ናት፤ ለምስክርነት የመረጠችው ደግሞ የምህንድስና ሥራውን ትቶ ፖከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚኖረውን ኢኒያንን ነው። የሚኖርበትን አፓርታማ የገዛውም፣ እህቱን የዳረውም በዚሁ ጨዋታ ነው። ፖከር ችሎታ ነው ሲል ለክርክር ብሎ ሳይሆን ከልቡ ያምንበታል።

ከጠበቃዋ ቢሮ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ፔራምቡር፣ ወደ እህቱ ወደ ካያልቪዚ ቤት ሄደ። አባታቸው ሶመሱንደራም ከትሪቺ መጥተው የዓይን ሞራ ተገፎላቸው እሷ ዘንድ ተኝተዋል። እሷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እስክትመለስ ዓይናቸው ላይ ጠብታ የሚያደርግላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸው በአረንጓዴ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

"የቁማርተኞች ጠበቃ መጣ!" አሉ ድምፁን ሲሰሙ።

"ጠበቃዋ ሌላ ናት አባባ፤ እኔ ምስክር ነኝ። ደግሞም ቁማር አይደለም።"

"እሺ፣ እሺ። የችሎታ ባለቤት! በል እጅህን ታጠብና ጠብታውን አድርግልኝ፤ ችሎታህን እንየው።"

ኢኒያን እየሳቀ ጠብታውን አደረገላቸው። ክዳኑን እየገጠመ ሳለ አጠገባቸው የነበረው ስልክ ጮኸ።

"ማን እንደሆነ እስቲ እይልኝ" አሉ አባቱ። ወዲያው ግን አንዳች ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። "ተወው፣ ተወው፤ ስጠኝ ወዲህ።"

ኢኒያን አንብቦት ነበር። እሱ ራሱ የሚጫወትበት የካርታ ጨዋታ ምልክት አለበት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ፓላቫን፣ ጠፋህ እኮ! ወንበርህ እየጠበቀህ ነው።"

መጀመሪያ ስልኩ የሌላ ሰው መሰለው። ገልብጦ አየው፤ ራሱ የገዛላቸው ስልክ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡትም ከዚያው ከፓላቫን ላይ ነው። በዚህ ስም የሚጫወት ሰው ባየ ቁጥር ስንት የትሪቺ ሰው አለ ብሎ ነበር የሚያልፈው። አባቴ ይሆናሉ ብሎ እንዴት ይገምት?

"አባባ" አለ። "እርስዎ ነዎት?"

ሶመሱንደራም የተዘረጋውን እጃቸውን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "አየኸው?"

"እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?"

"የጨዋታ ስምህን በእናትህ ሙት ዓመት ላይ ለአጎትህ ልጆች ስትጎርር ሰማሁ። ምን እንደምትሠራ ልየው ብዬ ገባሁ። አንተ ስትደውል ያው ነው፤ 'በሉ ወይ? መድኃኒት ወሰዱ ወይ?' ከዚያ ትዘጋለህ። እዚያ ግን ሌሊቱን ሙሉ አብረን እንቀመጥ ነበር።"

"ገንዘብዎንስ?"

"መጀመሪያ አንተ የምትልክልኝን ነበር የማስይዘው። መልሼ ላክሁልህ ማለት ነው" ብለው ሳቁ። ኢኒያን አልሳቀም። እሳቸውም ሳቃቸውን አቋረጡ። "የማያውቀኝ ሰው ኪስ ከሚገባ ልጄ ጋ ይግባ አልኩ። በኋላ ግን... አልዋሽህም፣ በኋላ አንተን ለማየት አልነበረም። አንዴ ብቻ ላሸንፈው እያልኩ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። የጡረታዬ ገንዘብ ሲያልቅ እንኳ አልተውኩም።"

'ጡረታህ መጣ' የሚለው የጓደኞቹ ቀልድ ጆሮው ላይ መጣበት።

አባቱ ወደ ካያልቪዚ ቤት ሲመጡ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘው ነበር የመጡት። ለዓይን ሕክምና ይህ ሁሉ ዕቃ ምን ያደርጋል ብሎ ማንም አልጠየቀም፤ እሱም አልጠየቀም።

"የትሪቺው ቤትስ?" አለ።

ሽማግሌው የዓይን መሸፈኛቸውን አስተካከሉ።

"አባባ፣ ቤቱስ?"

"ተሸጧል።"

"እናቴ የሞተችበት ቤት?"

"ከእሱ ሌላ ምን ቤት አለኝ?"

"ካያል ታውቃለች?"

"ዓይኔ እስኪድን የመጣሁ ነው የመሰላት" አሉ። ከዚያ በደህናው ዓይናቸው ፈልገው አዩትና ድምፃቸውን አለሰለሱ። "ስማኝ ልጄ፤ አንተ ምንም አላደረግህም። ዕድል ነው። ካርታው አልመጣልኝም፣ በቃ። ከሌላ ሰው ጋርም ብቀመጥ ያው ነበር።"

"አልነበረም!" ኢኒያን ሳያስበው ጮኸ። "ካርታውማ እኩል ነው የሚመጣልን። እንደማይጥሉ አውቄ አድብቼብዎት ነው። የሚደክሙበትን ሰዓት ሳይቀር አጥንቻለሁ። ይሄን ሰውዬ ለቀቅ ላድርገው ያልኩበት አንድ ቀን የለም፤ ባይመጣስ ብዬ ነበር የምፈራው!"

"ዕድል ነው አልኩህ እኮ" አሉ አባቱ።

የኢኒያን ስልክ ጠራ። ቴንሞዚ ናት፤ ደስ ብሏታል። "ያ ፓላቫንህ እንዴት ያለ ምሳሌ መሰለህ! ነገ በእሱ ነው የምንጀምረው። ማነው ካሉህ አላውቀውም በል፣ አለቀ።"

"አሁን አውቄዋለሁ ማዳም።"

"እንዴ! ማን ሆነ?"

"አባቴ ናቸው።"

"ቀልድ እንዳይሆን" አለች።

"ቤታቸውን ወስጄባቸዋለሁ።"

"የኔ ጌታ... በጣም አዝናለሁ። ግን ነገ ይሄን ካነሳህ ጉዳያችን አበቃ። ሌላ ሰው እንፈልግ። ዋሽ አላልኩህም፤ ዝም በል ነው የምልህ።"

"ችሎታ ነው ብዬ እመሰክራለሁ፤ ነውም። ዕድል ቢሆንማ እኔ ምን ጥፋት ይኖርብኝ ነበር? ሲጠይቁኝ ግን ማን እንደሆነ እናገራለሁ።"

"አስብበትና ደውልልኝ" ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተዋል። "የኔን ስም እዚያ ልታነሳ ነው?"

"ካልፈቀዱ አላነሳም።"

በጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየደበደቡ ቆዩ። "አንሳው" አሉ። "ግን ሞኝ ሽማግሌ ነበር እንዳትለኝ። አሳምሬ እያወቅሁ ነው የተቀመጥኩት።"

በዚህ መሐል የደጁ የብረት በር ተንኳኳ። የካያልቪዚ ድምፅ ነው፤ ከጎረቤቷ ጋር እየተሳሳቀች ትገባለች። ሶመሱንደራም የኢኒያንን ክንድ አፈፍ አደረጉት።

"ለእሷ እንዳትነግራት። እዚያ ያሉት ባዕድ ናቸው፣ ግድ የለም። እሷ አትስማ። ዛሬ ይለፍ።"

ኢኒያን የአባቱን እጅ ቀስ አድርጎ ከክንዱ ላይ አነሳና ይዞት ቆመ። ካያልቪዚ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። አባቷን አየች፣ ወንድሟን አየች፤ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

"ምን ሆናችኋል? ዓይናቸው ተበላሸ እንዴ?"

"ዓይናቸው ደህና ነው" አላት ኢኒያን። "ነይ ተቀመጪ ካያል። የአባባን ቤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"