የታጠፈው ጥግ

ቋሚው ዳኛ ግማሽ ጎናቸው ተይዞ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ አልጋ ላይ ሲውሉ በምትካቸው የተላከውን ሰው የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች በሳምንቱ «የውሰቱ» አሉት። ፊቱ ሲቆሙ እንደ ውሰት ዕቃ ይጠነቀቁለታል፤ ዞር ሲል ይሥቁበታል። እሱም ሰምቷል። የሹመት ደብዳቤው ላይ «ለስድስት ወር» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ምን ብሎ ይቀየማል?

ከዚያ በፊት ሕግ አስተማሪ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ዳኝነት ሲያወራ ኖሮ አንድም ቀን ዳኝቶ አያውቅም። አሁን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ደስ አለው፤ ሊነሣም አልፈለገም። ብዙ መዝገብ የዘጋ ቋሚ ይሆናል ብለው በጆሮው ሹክ ያሉት ሰዎች ነበሩ። ሚስቱም ማታ ማታ «ዛሬስ ስንት ዘጋህ?» ትለዋለች፣ ግማሹ ለጨዋታ ግማሹ ለቁም ነገር።

ጽዱ ሰው ነበር፤ ጽዳቱንም ያበዛል። ችሎቱ አንድ ሐሙስ የቀረው ክፍል ነው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር በካርቶን ተደግፏል፣ የባለጉዳዮቹ አግዳሚ ሲቀመጡበት ይጮኻል። በመጀመሪያው ረቡዕ የወሩ መዝገቦች ሁሉ ተቆልለው ሲቀርቡለት ከመሐላቸው የአንዳንዶቹ የላይኛው ጥግ ታጥፎ አየ። በአውራ ጣቱ እየተጫነ አንድ በአንድ አቃናቸው። ከዚያ የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ አስጠራና ሰው ፊት ገሠጻቸው። መዝገብ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከእንግዲህ አንድም ወረቀት እንዳይታጠፍ አላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት። «እሺ ክቡር ዳኛ» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ መዝገቡ ሁሉ ቀጥ ብሎ በቁጥሩ ተራ ይቀርብ ጀመር፤ እሱም እንዲህ ነው እንጂ አለ በልቡ።

በአራተኛው ረቡዕ መጀመሪያ የወጣው መዝገብ የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እናቷ ከከተማው ርቃ ከወንዙ ማዶ የምትኖር ልብስ ሰፊ። ከተፋቱ ወዲህ ሁለቱም ልጄን ስጡኝ ብለው ቆመዋል። ፍርድ እስኪሰጥ ልጅቷ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ የአባቷ እኅት ቤት እንድትቆይ ቋሚው ዳኛ አዝዘው ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ችሎት አስከባሪው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የእናቲቱን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። መልስ የለም። አባትየው በተተኮሰ ሸሚዝ ቆሟል። የውሰቱ ዳኛ ሰዓቱን አየ፣ ቁልሉን አየ። ቀጠሮዋን አክብራ ስላልቀረበች ጉዳዩ በሌለችበት ታይቷል፣ ልጅቷ ለአባቷ ትሰጥ ብሎ ስድስት መስመር ጻፈ፤ ፈረመም። አባትየው እጅ ነሥቶ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ወጣ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አምስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴት አቧራዋን እያራገፈች ገባችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ማንንም አልጠየቀችም፤ አልተጨነቀችም። ሌሎች ሲጠሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲወጡ እያየች እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ዳኛው እስክሪብቶውን ከደነና ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቃት።

«ተራዬን ነው» አለችና ስሟን ነገረችው። «እኔ ከመጨረሻ ነው የምጠራው።»

መዝገቡን ፈልጎ አወጣው። ጥጉ ላይ ራሱ ያቃናው እጥፋት መስመሩ አሁንም ይታያል። ሽማግሌውን አስጠራ።

«የሩቅ ሰው መዝገብ ነው የሚታጠፈው» አሉ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ። «የዚያ ማዶ አውቶብስ አምስት ሰዓት ሳይሆን አይገባም። ቋሚው ዳኛ ጥጉን ሲያዩ ለመጨረሻ ያቆዩት ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«አይታጠፍ አሉኝ። ልማዱን የሻሩት መሰለኝ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

ሊቆጣቸው ፈለገ፤ በምን ፊቱ ይቆጣል? ፖሊስ ወደ አክስትየው ቤት ሰደደ። አባትየው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ልጅቷን ጫማ እንኳ ሳታደርግ ከአልጋ አንሥቶ መኪናው ላይ ጭኗት ሄዷል፤ የት እንደሄደ አልተናገረም። እናቲቱ ይህን ስትሰማ ጋዜጣውን ፈታች። የሰፋችው ቀሚስ ነበር።

«እንድታድግበት እጥፉን ሰፋ አድርጌዋለሁ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

በሦስተኛው ቀን አቤቱታዋን ተቀብሎ የገዛ ፍርዱን ሻረና ልጅቷ ለእናቷ እንድትሰጥ ወሰነ። ጥሩ ፍርድ ነበር፤ ተማሪዎቹን እንዲህ ጻፉ ብሎ ሊያስተምርበት የሚችል። ግን ማን ላይ ይፈጸም? የሹፌሩ ቤት ተቆልፏል፣ ስልኩ ተዘግቷል፤ መኪናውን ጠረፍ ሲሻገር አየን የሚሉም ተገኙ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ደብዳቤ መጣ። በምትክ ከተላኩት ዳኞች ሁሉ ብዙ መዝገብ የዘጋ ስለሆነ ቋሚ ሆኗል። ሚስቱ እልል ልትል ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። ያን ማታ ሁሉንም ነገራት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ በመጨረሻ።

«አንተማ ታጠቅህ» አለችው ሚስቱ። «የተፈታባት እሷ ናት።»

ሹመቱን እምቢ ሊል አስቦ ነበር። አላለም። አፈረ፤ እያፈረ ፈረመ።

አሁን ሽማግሌው ረቡዕ ረቡዕ የልጅቷን ፍርድ የሚያስፈጽመውን መዝገብ ጥጉን አጥፈው ከቁልሉ ሥር ያስቀምጡታል። ዳኛው አይነካውም። እናቲቱ ግን የረቡዑን አውቶብስ ትታለች፤ ማክሰኞ መጥታ መናኸሪያ ታድርና ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ትደርሳለች። አንድ ቀን ዳኛው ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«እኅቴ፣ መዝገብሽ ከመጨረሻ ነው የሚጠራው። በአውቶብስሽ ብትመጪ ትደርሻለሽ።»

«አውቃለሁ ክቡር ዳኛ» አለችው። «ድንገት ከጠሩኝ ብዬ ነው።»

ስለዚህ ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ ሲያልቅ ችሎት አስከባሪው ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ የአባትየውን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ መልስ የለም። ከዚያ የእሷን ይጠራል። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ብድግ ትላለች፣ ቀሚሱን ክንዷ ላይ አድርጋ። ዘንድሮ እጥፉን ሁለት ጣት ለቅቃዋለች።

«አለሁ» ትላለች።

ዳኛውም ለሚቀጥለው ረቡዕ ብሎ ይጽፋል።