በአንድ እጅ የተሠራ ማጉያ

እጄን ኪሴ ከትቼ የምሠራው ጠግቤ አይደለም። ይህን ለአጎቴ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም።

የድሮ ሬዲዮ ጀርባውን ከፍቶ ያየ ሰው፣ እንደ ትንንሽ ጠርሙስ የተተከሉትን አምፖሎች ያውቃቸዋል። እኔ የምሠራው የጊታር ድምፅ ማጉያ የሚናገረው በእነሱ ነው። እነሱን የሚያነቃው ኤሌክትሪክ ግን ቀልድ አያውቅም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተር በሚባሉት ማጠራቀሚያዎች ውስጥ አድፍጦ ይቆያል። በሁለት እጅ የነኩት እንደሆነ በአንዱ ገብቶ፣ ልብን ረግጦ፣ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ቀኝ እጅ ይሠራል፣ ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ከአንድ ገጹ ከተገነጣጠለ የጥገና መጽሐፍ መጀመሪያ የተማርኩት ይህን ነው።

ለአጎቴ ግን እጁን ኪሱ የከተተ ልጅ ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ሰው ንቋል።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቀለም ነጋዴ ናቸው። ፍርድ ሲሰጡ «በጠቅላላው» ብለው ስለሚጀምሩ እህቴ ከጀርባቸው «በጠቅላላው መጡ፣ በጠቅላላው ሄዱ» ትላለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእናቴ ነው፤ የቤቱ የመጨረሻ ቃል ግን የእሳቸው ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ቀን የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«በጠቅላላው ይሄ ክፍል ለቀለም ይፈለጋል። አንተም ለሱቁ ትፈለጋለህ።»

«ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው እኮ።»

«ሊያልቅ ነው ማለት ከጀመርክ ቆየህ። ደግሞ እጅህን አውጥተህ አናግረኝ።»

«ተሰክቷል ጋሼ። ብሳሳት ይገድለኛል።»

«አንተን የሚገድልህ ስንፍናህ ነው።»

ሰው ሲበዛብኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ለእኔ ደግሞ አጎቴ ብቻቸውን ብዙ ሰው ናቸው። እናቴ ከበስተኋላቸው መጥታ ባትቆም ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷን ሲያዩ ትንሽ ለዘብ አሉ።

«እሺ። ቅዳሜ ዕቃዬን ጭኜ እመጣለሁ። ይሄ ብረትህ እንደ ሰው ዕቃ ከዘፈነ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልዘፈነ እሱ ለቆራሌው፣ አንተ ለሱቁ። እህቴ፣ ሰምተሻል።»

እናቴ መስማቷን ራሷን ነቅንቃ ገለጸች።

ብረት ያሉት ሳጥን ከተጣለ የማቀዝቀዣ በር የቆረጥኩት ነው። አምፖሎቹንና ሁለቱን ትራንስፎርመሮች ደግሞ ያገኘሁት ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው፤ የሰልፍ ሜዳውን ድምፅ ማጉያ አሮጌ ነው ብለው አውጥተው ሲጥሉት ተሸክሜው መጣሁ። ዓመታት ሙሉ «ሰልፍህን ያዝ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ» ሲሉን የኖሩ አምፖሎች ናቸው። ሌላ ነገር ሲናገሩ መስማት አማረኝ። እኔ በአፌ የማልደፍረውን ነገር፣ ጮክ አድርገው።

በስታኞ በይጄ ጨርሼ ሳበራው አምፖሎቹ ቀስ እያሉ ፍም መሰሉ። ያን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጊታሬን ሰካሁ። የወጣው ግን «እምምምም» ብቻ ሆነ፤ ወፍራም፣ የማያባራ፣ ጊታሩን ከነነፍሱ የሚውጥ።

ፀጉር ሠሪዋ እህቴ ራሷን በበሩ አስገባች።

«ኢንጂነሩ፣ ላም ነው እንዴ የገጠምከው?»

«ከየት እንደሚመጣ እያጣራሁ ነው።»

«አጣርተህ ስትጨርስ እለባት። ወተት አልቋል።»

ያልነካሁት ነገር የለም። የአምፖሎቹን ሽቦዎች ፈትቼ እንደ ሹሩባ ጎነጎንኳቸው። የላላ መስሎ የታየኝን ሁሉ እንደገና በየድኩ። እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና የእናቴን ማማሰያ አምጥቼ እየሠራ እያለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ገፋ ገፋ አደረግኳቸው፤ የታመመው ሲነካ ድምፁ ይለወጣል ብዬ። አልተለወጠም። ላሟ ማጓራቷን ቀጠለች፣ እናቴም ማማሰያዋን መፈለጓን።

ቅዳሜ ደረሰ። አጎቴ ቀለም የሞላ ፒካፕ ደጃፉ ላይ አስቁመው ከነሾፌራቸው ገቡ።

«በል አስዘፍነው።»

አበራሁት። እምምምም።

«ይሄ ነው ዘፈኑ?»

ሾፌሩ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው። አጎቴ ጠጋ ብለው ሳጥኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«በጠቅላላው መልኩስ ያምራል። ሁለቱን ብረቶች እንደ ወታደር አሰልፏቸዋል። ምን ያደርጋል፣ ቆራሌ ለመልክ አይከፍልም።»

ያሉት ሊሰድቡኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ብረቶቹ ላይ ተተክሎ ቀረ። እውነትም ትራንስፎርመሮቹ ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ላይ አንደኛው ጎኑን ሰጥቶ ነበር የቆመው። አስቀያሚ መስሎኝ፣ የጸሐፊው አመል ነው ብዬ፣ ለዓይን እንዲያምር አስተካከልኳቸው። ለካ እንዲያ ሲገጥሙ የአንዱ ማጓራት ወደ ሌላው ይጋባል። ሰልፍ ስጠላ የኖርኩ ሰው በገዛ እጄ አሰልፌያቸው!

«አንሳው፣» አሉት አጎቴ ሾፌሩን።

«እንዳትነካው!»

ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅኩት ሾፌሩ እጁን ሲሰበስብ ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ያደፈጠውን ኤሌክትሪክ አፈሰስኩት። በቀኝ እጄ ብቻ የአንደኛውን ትራንስፎርመር ብሎኖች ፈታሁና ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ። አጎቴ «እጁን ተመልከቱልኝ፣ አሁንም እጁን!» እያሉ ነው። በማማሰያው ጫፍ ትራንስፎርመሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ማጓራቱ ሳሳ። ጥቂት ጨመርኩ። ቀጠነ፣ ራቀ፣ ከዚያ ጠፋ። በዝምታው ውስጥ የሾፌሩ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

አጥፍቼ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ እንደገና አበራሁ፣ ጊታሬን አንስቼ ስድስቱንም ክር መታሁ።

ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ዳር ዳሩ ሻከር ያለ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ላሟ ወለደች፣» አለች ከእናቴ ጋር በሩ ላይ የቆመችው እህቴ።

«ዝቅ አድርገው፣» አሉ አጎቴ።

ከፍ አደረግኩት። ደግሜ መታሁ።

አጎቴ ክሮቹ ዝም እስኪሉ ጠበቁና «እኔ ዘፈን ነው ያልኩት፣» አሉ። «ይሄ ጩኸት ነው። በጠቅላላው ክፍሉን ልቀቅና ና ቀለም አውርድ።»

ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ማጉያውን አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ከሳጥኑ ርቄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ከዚያ ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አሁንም ኤሌክትሪክ አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«ታዲያ እጅህን አውጣ።»

«አላወጣም። እማዬ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ቀለሙን በረንዳው ላይ አወርድልዎታለሁ፤ እዚህ ክፍል ግን አይገባም። እኔም ሱቅ አልገባም።»

ምላሴ አልተሳሰረም። አጎቴ እናቴን አዩ። እሷ ማማሰያዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጫፉን በቀሚሷ ጠረገች።

«በረንዳው ጣሪያ አለው፣ ዝናብ አያገኘውም፣» አለች።

አጎቴ ወጡ። «በጠቅላላው» እንኳ አላሉም። ከሾፌሩ ጋር ጣሳዎቹን አወረድኩ፣ በረንዳው ላይ ደረደርኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። ማጉያውን አብርቼ አምፖሎቹ እስኪግሉ ጠበቅኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ ፒካፑ ገና አልተነሳም ነበር።

ከዚያ ጊታሬን በሁለቱም እጆቼ ያዝኩት። ጊታር በአንድ እጅ አይመታም።